ፊቱን ያላዞረበት ቀን

የድል በዓል በመጣ ቁጥር ከቤት አልወጣም። ሰው ሲጠይቀኝ በጉልበቴ አሳብባለሁ። ጉልበቴም እግዜር ይስጠው፣ ውሸታም አያደርገኝም፣ እውነትም ያመኛል። ዘንድሮ ግን የከሰል ምድጃዬ አንድ እግሩ ተነቀለና ምሳ የምሠራበት አጣሁ። የልጅ ልጄ ሰልፍ ስትሄድ የሦስት ዓመት ልጇን ትታልኝ ነበርና፣ ማሙሽን በአንድ እጄ፣ ምድጃውን በሌላው ይዤ፣ በዓል ነው ብሎ የማይዘጋ ብየዳ ቤት ፍለጋ ወጣሁ። ደብረ ማርቆስ ያን ቀን የማላውቃት ከተማ ትሆንብኛለች። ድምፅ ማጉያው ፉከራ ያወርዳል፤ ጎፈሬ የሠሩ ሽማግሎች ሜዳሊያቸውን ደርድረው እየተንጎራደዱ ያልፋሉ፤ ልጃገረዶች እልል ይላሉ። ከሜዳሊያዎቹ አንዳንዶቹ የት እንደተገኙ ስለማውቅ እልልታው ጆሮዬን ይበላኛል። እንዲህ እየተነጫነጭኩ ገበያው ጀርባ ካለ አንድ ብየዳ ቤት ደረስኩ። አንድ ጎረምሳ የጋለ ብረት በርሜል ውኃ ውስጥ ነከረ። ጭስስ አለ፣ እንፋሎቱም ወጣ። ያ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ቆምኩ። እንደዚህ የሚሸት ብረት ካሸተትኩ ዕድሜ ልክ ሆኖኛል።

በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ጥጥ የምትፈትል ጸጉሯ ጥጡን የመሰለ ሴት ነበረች። ትክ ብላ አየችኝና እንዝርቷን አቆመች። “እትዬ አስካል? የታረቀኝ ባለቤት አይደሉም?” አለችኝ። ታረቀኝ ከሞተ ወዲህ በእሱ ስም የጠራኝ ሰው የለም፤ ከእሱ በኋላ ሁለት ባል አግብቻለሁ። “አዎ ነኝ፤ አንቺን ማን ልበል?” አልኳት። “ሙሉ ነኝ፣ የባለእጅ ተገኘ ልጅ” አለች። ምድጃው ከእጄ ወጥቶ መሬት ላይ ተንከባለለ። እሷ እቴ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ጎረምሳውን ጠርታ፣ “ና የአገሬን ሰው ምድጃ ቶሎ ሥራላቸው” አለችው፤ የልጇ ልጅ ኖሯል። ለእኔ ወንበር አስመጣች፣ ለማሙሽም ትኩስ ዳቦ ገዝታ ሰጠችው። ተቀመጥኩ። መቀመጥስ አልፈለግኩም ነበር፤ ብሸሽ በወደድኩ።

ባለእጅ ተገኘ የደብራችን ቀጥቃጭ ነበር። አገራችን ከቁይ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ወይራው ከበዛበት። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽጉን ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን እኔ የአንድ ልጅ እናት፣ ገና ልጅ እግር ነበርኩ። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ያኔ ዘመን የምንቆጥረው በማን ሞተ በማን ተወለደ ነበር። ሌላው ሌላው ግን ከዓይኔ አይጠፋም። አቡጀዲ በጠፋበት ጊዜ አንዱን ቀሚስ በአመድ እያጠብኩ እስከ ክርኔ እስኪበላ ለበስኩት። ጣሊያን የወረቀት ብሩን ያዙ ሲል ሰው አሻፈረኝ ብሎ ቁይ ገበያ ላይ ጨው የሚሸጠው በጠገራ ብር ወይ በጥይት ነበር። አዎ፣ በጥይት! ለአንድ እስር ጎመን የሚሆን ጥይት ባይኖርም፣ ለበግ ግን ነበር፤ ሴቱ ሁሉ በመቀነቷ ጫፍ ሁለት ሦስት ጥይት ቋጥራ ገበያ ትወርድ ነበር። ወንዱ፣ አገር ነፃ ሳይወጣ አልላጭም ብሎ ጸጉሩን አሳድጎ፣ ቅቤ የተቀባ እንደሆነ ፊቱ ሁሉ ያብለጨልጫል። ታረቀኝ መልከ መልካም ነበር። ጎፈሬው ግንባሩን ሲሸፍነው ደግሞ ይበልጥ ያምርበት ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።

የጎበዝ አለቃችን በአንዱ ክረምት መግቢያ ወንዝ ሲሻገር በጥይት ተመቶ ሞተ። የጎበዝ አለቃ ማለት ለማያውቀው፣ የደብሩን ወንድ አሰልፎ የሚዋጋው፣ ሲጣሉ የሚዳኘው፣ ጥይቱን ለየሰዉ የሚያድለው ሰው ነው። ከላይ የሚሾመው የለም። ወንዶቹ ወይራው ሥር ይሰበሰባሉ፣ መሪጌታው ጸሎት ያደርሳሉ፣ አብረው እህል ይቀምሳሉ፤ ከዚያ የታጩት ይነሡና እያንዳንዱ በወደደው ሰው ጀርባ ሄዶ ይቆማል። ብዙ ሰው የቆመበት አለቃ ነው። ያን ጊዜ ሁለት ሰው ታጨ። አንደኛው ልጅ ጥሩነህ፣ የፊታውራሪው ልጅ፣ አባቱም አያቱም አገር የገዙ። ሁለተኛው ተገኘ። የሰዉ ሁሉ ነፍስ በተገኘ እጅ ነበር ብል አላጋነንኩም። የአያቶቻችን ውጅግራ ጠመንጃ ከመዛጉ የተነሣ አንዴ ከተኮሰ ቀለሁን፣ የጥይቱን ባዶ ቀፎ፣ ነክሶ አልለቅ ይላል። ተገኘ ነው በሞረዱ አለስልሶ፣ ከማረሻ ስባሪ ምላስ የምታህል ብረት ሠርቶ፣ ቀለሁን እንዲተፋ የሚያደርገው። በዚያ ላይ እንደሱ የሚያነጣጥር አልነበረም፣ ሁለት ጊዜ የጠላትን ስንቅ ያስቆመው እሱ ነው። ግን ቀጥቃጭ ነው። ቀጥቃጭ ደግሞ በእኛ አገር ቡዳ ነው ይባላል፣ ዓይኑ ይበላል፣ የሚጠባ ሕፃን ካየ ሕፃኑ ይጠወልጋል። ሲቆርብ አይቼው አውቃለሁ፤ ቢሆንም ቡዳ ነው ይባላል።

ታረቀኝ የተገኘ ወገን ነበር፣ ያውም ዋናው። ያን ሁለት ሳምንት ሰው እህልና ውኃ ረስቶ ክርክር ብቻ ይበላ ነበር። ቁይ ገበያ ላይ የጥሩነህ ጎበዞች በአንድ በኩል፣ የእኛዎቹ በሌላ በኩል ቆመው ይገጥማሉ። እነዚያ፦

“ማረሻ ቀጥቃጩ ጎራዴ ታጠቀ፣
ያባቱ ወናፍም በሳቅ ተሰነጠቀ” ሲሉ የእኛዎቹ ይቀበሉና፦

“ባባቱ ጋሻ ሥር ተኝቶ ተንጋሎ፣
ማን ተኩስ ይለዋል ጠጁን ከጁ ጥሎ” ይላሉ። ዜማው ደስ ይል ነበር፣ እንዲያውም ሕፃኔን ሳስተኛው አንጎራጉረው ነበር። ታረቀኝ ደግሞ በየደረሰበት፣ “ይኼ ንቀት ነው! ሰውን በአባቱ የእጅ ሥራ መናቅ ነው! ጣሊያን እኛን በጥቁረታችን ሲንቀን የሚያንገበግባችሁ፣ እናንተ ወንድማችሁን በምን ናቃችሁት?” ይላል። እንዴት እንደምኮራበት! የጥሩነህ አጎት፣ ምላሱ እንደ ምላጭ የሆነ ሽማግሌ ነበር፣ አንድ ቀን ከገበያው መሀል እንዲህ ሲል መለሰለት፦ “እኛ ያልናቅነውን ናቃችሁ አትበሉን። ለመሆኑ ከእናንተ ተገኘን ቤቱ አስገብቶ ከመሶቡ ያስቆረሰ ማን ነው? እስቲ አንዳችሁ እጃችሁን አውጡ!” ማንም አላወጣም። የእኛዎቹ ግን፣ “አየህ፣ ነገር ሲያዞር!” ብለው ጮኹበት። እኔም ከሴቶቹ መሀል ሆኜ ጮኼያለሁ።

እንድሪስ የሚባል የቁይ ነጋዴ ነበር፣ ደግ እስላም። ጨው ከላይ ጭኖ ከሥሩ ጥይት ደብቆ፣ የጣሊያንን ኬላ አሳልፎ የሚያመጣልን እሱ ነው። እሱም ለተገኘ ነበር የቆመው። ታዲያ አንድ ቀን ከሰዉ ጋር አብሮ ሐሳብ ሲሰጥ፣ ከጥሩነህ ወገን እንዳይመስላችሁ፣ ከእኛው ወገን፣ ንቀት ንቀት እያለ ከሚጮኸው አንዱ ብድግ ብሎ፣ “በክርስቲያን አለቃ እስላም ምን አገባው?” አለው። እንድሪስ ቆሎውን እየቆረጠመ ነበር። “ጥይቱን ስትቀበለኝ እስላም አልነበርኩም?” አለና እፍኙን ወደ ከረጢቱ መልሶ ሄደ። የጥሩነህ ወገን ያን ሰምቶ፣ “እነሆ ናቂዎቹ!” እያለ አገር አዳረሰው፤ ለእንድሪስ ግን አንድም ሰላም ያለው አልነበረም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኛን ነው።

እዚህ ላይ ስለ ፊት ማዞር ልናገር። ባለእጅ ሰው እህል ከሚበላበት ከደረሰ፣ ማንም ሳያዝዘው ፊቱን ወደ ግድግዳ ወይ ወደ ዛፍ አዙሮ ይቆማል። ጨዋነቱ ነው፣ ‘አላየሁባችሁም፣ አትስጉ’ ማለቱ ነው። ተገኘ እንዲህ እያደረገ ነው ያደገው። ታረቀኝ ማረሻ ሊያስቀጠቅጥ ሲጠራው እንኳ፣ እኔ ምሳ ካቀረብኩ፣ ወጥቶ አጥሩን እያየ ይቆይና፣ “ጨረሳችሁ?” ብሎ ጠይቆ ይመለስ ነበር። እናቴ ያሳደገችኝ በዚህ ነው፤ ነውር ነው ብሎ የነገረኝ የለም፣ እኔም አስቤው አላውቅም። ከምርጫው በፊት ባለው ቀን ታረቀኝ እኔው ፊት፣ “ተገኘ፣ ነገ ፊትህን እንዳታዞር። ለሰው ጀርባውን የሚሰጥ አለቃ የለም። ከሰዉ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጥ” አለው። ተገኘ መሬት መሬት እያየ፣ “ተው ታረቀኝ፣ ሰዉ አይለምደውም” አለ። “እኛ አለን አይደል? ከእኛ ወገን ማን ቅር ይለዋል?” አለው ታረቀኝ። እኔም፣ “እውነቱን ነው፣ አይዙሩ” አልኩ። አዎ፣ እኔም ብዬአለሁ።

እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ሰዉ ወይራው ሥር ተሰበሰበ። ፀሐይ ነበረች፣ ከዝናብ በኋላ የምትወጣ ያች ጥርት ያለች ፀሐይ፣ ሣሩ የሚሸትበት። ሴቶቹ መሶቡን አቀረብንና ወደ ጎን ተቀመጥን። ተገኘ ንጹሕ ጋቢ ለብሶ መጥቷል፣ ሚስቱ ሸክላዋን ሸጣ የገዛችለት ይመስለኛል፣ ሙሉም ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ከጎኑ ነበረች። እህሉ ተባረከ። ሰዉ እጁን ሰደደ። ተገኘ እንደ ልማዱ ሊነሣ አለና ታረቀኝን አየ፤ ታረቀኝ ራሱን ነቀነቀለት፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ፊቱን አላዞረም። ሰው ዋጥ ዋጥ እያደረገ በላ፣ እንዲያውም የጥሩነህ ወገኖች ሳይቀሩ። በዚህ ጊዜ ልጄ አለቀሰ። ጡቴን ሰጠሁት። ተገኘ የሕፃን ለቅሶ ሲሰማ ወደ እኛ ዞረና፣ ልጅ ይወድ ነበር፣ ፈገግ አለ። እጄ ነጠላዬን ወስዶ ልጁንም ጡቴንም ሸፈነ። እኔ አላዘዝኩትም። ሸፍኜም አልቀረ፣ ሰውነቴን አዙሬ ጀርባዬን ሰጠሁት። ይኼ ሁሉ ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ አልቆየም፣ ስዞር ግን ሰዉ ሁሉ እኔን ያያል።

የጥሩነህ አጎት እጁን በእጁ መታ። “ይኸውላችሁ!” አለ። “ይኼ የታረቀኝ ሚስት ናት! ናቃችሁ ናቃችሁ ብሎ ሁለት ሳምንት ያላስተኛን የታረቀኝ! ሚስቱ ልጇን የምትደብቅበትን ሰው ነው እኛን ‘ነፍሳችሁን ስጡት’ የሚለን? እኛስ ባንመርጠው ፊት ለፊት ነግረነዋል። እናንተ ናችሁ የናቃችሁት፣ በልባችሁ ይዛችሁ!” ሳቅ ሆነ። የሳቁትም የሁለቱም ወገን ሰዎች ናቸው። ታረቀኝ ተነሣና መልሶ ተቀመጠ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ተገኘ ግን ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ ወደ እኔም ሳይመለከት፣ “ልጁ ይጥባ። እኔ ዞሬያለሁ” አለና ፊቱን ወደ ወይራው ግንድ አዞረ። እንደዚያው እንደ ቆመ ምርጫው ተደረገ። ከጀርባው የቆሙት ታረቀኝና ሌላ ሦስት ሰው ብቻ ነበሩ። ሌላው ሁሉ ወደ ጥሩነህ ሄደ።

ታረቀኝ አልመታኝም። ሦስት ቀን አላናገረኝም። በአራተኛው ቀን፣ እሳት ዳር ሆነን፣ “እናንተ ያቀረባችሁትን መሶብ ከተገኘ ራቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ማንም አላየኝም እንጂ” አለኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሣነውም። በዚያው ሰሞን ከቁልቁለቱ፣ ከተገኘ ቤት፣ ጭስ መውጣት አቆመ። ወናፉን፣ ጉጠቱን፣ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ወደ አባይ በረሃ ወርዷል አሉ። ታዲያ ሰዉ ምን አደረገ መሰላችሁ? እንደገና ክርክር ተጀመረ! የጥሩነህ ወገን፣ “እናንተ አዋርዳችሁ አባረራችሁት” ይላል። የእኛ ወገን፣ “እናንተ ስቃችሁበት ነው” ይላል። ማን ናቀው በሚለው ሙግት ሁለት ሽማግሎች እስከ መደባደብ ደረሱ። ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ‘ተገኘ፣ ተመለስ፣ በድለንሃል’ የሚል አንድ ሰው ግን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አልተገኘም። ይኼን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። በሌላው ላይ ብቻ አይደለም፤ እኔም እግር ነበረኝ።

መስከረም ሲጠባ ጣሊያን ከነባንዳው በእኛ በኩል ዘለቀ። ጥሩነህ ፈሪ ነበር አልልም፣ ሐሰት መናገር አልወድም፤ ከፊት ሆኖ ነው የተዋጋው። ግን ክረምቱን ሙሉ ጠመንጃ የሚጠግን እጅ አልነበረም። የባሌ ወንድም አጠገቡ ነበርና የነገረኝ እሱ ነው። ታረቀኝ አንዴ ተኮሰ። ውጅግራው ቀለሁን ነከሰ። ድንጋይ ተከልሎ በእንጨት ሊያወጣው ይታገላል፣ ይመታዋል፣ በጥርሱ ሁሉ ይሞክራል፣ አይወጣም። “ተገኘ ቢኖር!” አለ አሉ፤ የመጨረሻ ቃሉ ይኼ ነው። በግራ በቀኙ የነበሩትም እንዲሁ ባለ አንድ ጥይት ሆነው ቀሩ። ከደብራችን አሥራ አንድ ሰው በዚያ ቀን ሞተ፤ የተገኘን ምርጫ ስቆ ያፈረሰው፣ ደግፎ ያፈረሰው፣ አንድ ላይ። ጥሩነህ የተረፉትን ይዞ ደብረ ማርቆስ ገባና ለጣሊያን እጅ ሰጠ። ነፃነቱ ሲቃረብ ደግሞ ወጥቶ ሸፈተና በፋሲካው ከድል አድራጊዎቹ ጋር ተመለሰ። ሜዳሊያውን ደርድሮ በየዓመቱ እዚህ አደባባይ መሄዱን ከቤቴ ሆኜ እየሰማሁ ነው ያረጀሁት። አምና ሞተ፤ በመድፍ ተቀበረ ቢሉኝም አይገርመኝም።

ይኼ ሁሉ በልቤ እያለፈ፣ ብየዳው እየተንጣጣ፣ ሙሉ ጥጧን ትፈትላለች። እንደ ምንም ብዬ፣ “አባትሽ እንዴት ሆነ?” አልኳት። “በረሃ ላይ ከሌላ አርበኛ ጋር ጠመንጃ ሲጠግን ኖሮ፣ በወባ ሞተ፤ ጣሊያን ሊወጣ ሲል” አለች። “እኔን ያነሣኝ ነበር?” አልኩ። ባልጠየቅኩ ኖሮ! “ያነሣዎታል እንጂ። ‘አስካልን አትቀየሟት፣ እናት ናት፣ ምን ታድርግ’ ይለን ነበር” አለችኝ። እንባዬ መጣ። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ስድብ ይመለሳል። እንባዬን ጠርጌ ቀና ስል፣ ሙሉ በርጩማዋን አዙራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ተቀምጣለች። መጀመሪያ አልገባኝም። ኋላ ማሙሽን አየሁት፤ ዳቦውን ይበላል። ከሰጠችው ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ነበረች ኖሯል፣ ከግድግዳው ጋር ነበር የምታወራው፤ እኔ በትዝታዬ ሄጄ አላየኋትም።

“ሙሉ፣ ተይ በእናትሽ!” አልኳት። “ያ ዘመን አልፏል እኮ! ነውር ነው፣ ዙሪ፣ ዙሪና እናውራ! በእኔ ጊዜ የተሠራው ይበቃል።” እንዲህ ስል ከልቤ ነበር፣ እግዜር ያውቃል። ሙሉ እንዝርቷን አቆመች። ከዚያ በርጩማዋን መለሰችና ፊቷን ወደ እኛ አዞረች። የአባቷን ፈገግታ ነበር የወረሰችው። ማሙሽን አይታ ፈገግ አለች።

እጄን ሳየው ነጠላዬን ይዞ ከልጁ ፊት ላይ ነው።

መልሼ ላወርደው ሞከርኩ፤ አይታኛለች። ምንም አልተቆጣችም፣ ፊቷም አልተለወጠም። “ግድ የለም፣ እትዬ” አለችኝ። “ይብላ። ሲጨርስ ይንገሩኝ።” በርጩማዋንም ወደ ግድግዳው አዞረች።

ማሙሽ ዳቦውን እስኪጨርስ ብዙ ቆየ።